ከሰማይ ደጅ እስከ አስመራ

ላዛረስ ኮኸን ዛሬ ሊቱዌኒያ ከምትባለው አገር ተነስተው ካናዳ የገቡት በ1860ዎቹ ነው። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ምድሩ የሩሲያ ዛር ነበር፤ አይሁድ የት እንደሚኖሩና በምን ሥራ እንደሚያድሩ የሚወስነውም የዛሩ ሕግ ነው። ላዛረስ ሃይማኖታቸውን ጠንቅቀው የተማሩ ሰው ነበሩ። ካናዳ ሲደርሱ ግን የጠበቃቸው ንግድ ነው፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ማበርሊ በምትባል ትንሽ መንደር ሱቅ ከፈቱ። በ1883 ወደ ሞንትሪያል ተሻገሩ፤ ከሰል መነገድ ያዙ፤ ከበሩ። ሲከብሩም ወገናቸውን አልረሱምና የሻዓር ሃሾማዪም ምኩራብ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የምኩራቡ ስም የሰማይ ደጅ ማለት ነው፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረባትን ስፍራ ሲነቃ የጠራበት ስም።

ልጃቸው ሊዮን ከአባታቸውም ባሱ። በ1897 በካናዳ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ የአይሁድ ጋዜጣ፣ ጁዊሽ ታይምስን፣ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር አቋቋሙ። በ1919 የካናዳ አይሁድ ኮንግረስ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። የምኩራቡንም ፕሬዚዳንትነት ከአባታቸው ተከትለው ያዙ። ከምሥራቅ አውሮፓ ስደተኛ በመርከብ ሲመጣ የሚያሳርፈው፣ ሥራ የሚፈልግለት፣ ወረቀቱን የሚያስጨርስለት ማኅበር ሁሉ የሊዮን ኮኸን እጅ አለበት። የሚተዳደሩት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። የልጅ ልጃቸው ገጣሚውና ዘፋኙ ሊዮናርድ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ መድረክ መውጣቱን ያየ ሰው፣ ነገሩ ከዚህ ቤት የወጣ መሆኑን ቢያውቅ አይገረምም።

ከንግዱም ከሹመቱም በላይ ቤተሰቡ የሚኮራበት ሌላ ነገር ነበር፦ ኮኸኖች ካህናት ናቸው። በእኛ አገር ክህነት በትምህርትና በሹመት ይገኛል፤ በአይሁድ ዘንድ ግን ከሙሴ ወንድም ከአሮን ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ዘር ነው። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ ካህናቱ የሚሠዉበት መሠዊያ የላቸውም። የቀረላቸው ጥቂት ነው። ኦሪት ሲነበብ ቀድመው ይጠራሉ፤ ከሬሳ ይርቃሉ፤ በበዓል ቀን ደግሞ ከሕዝቡ ፊት ቆመው፣ በመጎናጸፊያቸው ተሸፍነው፣ ጣቶቻቸውን ለሁለት ከፍለው እጃቸውን ይዘረጉና በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ቡራኬ ያደርሳሉ። ሊዮናርድ በልጅነቱ የአሮን ዘር ነህ ሲባል አምኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለውን የቤት ወሬ ብዙ ልጅ ሲጎረምስ ይተወዋል፤ እሱ አልተወውም። ስለዚህ ሰው ሲጻፍ የሴቶቹ፣ የሐዘኑና የወፍራም ድምፁ ነገር ይበዛል። በእኔ ግምት ግን ሕይወቱ አንድ የወረሰውን ሥራ የት ቆሞ እንደሚሠራው የፈለገ ሰው ሕይወት ነው።

ሊዮናርድ ኮኸን የተወለደው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1934 ነው። ዌስትማውንት በሞንትሪያል ተዳፋት ላይ ያለ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለጸጎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ የኮኸኖች ቤት ከዚያ ነበር፣ ምኩራቡም እዚያው አቅራቢያ። ኤሊዔዘር የሚል የዕብራይስጥ ስም ወጣለት። አባቱ ናታን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው የተመለሱ፣ በካናዳ ጦር ውስጥ መኮንን ለመሆን ከበቁት የመጀመሪያዎቹ አይሁድ አንዱ ነበሩ፤ ሥርዓት አክባሪ፣ ዝምተኛ፣ ጤናቸው የተጎዳ። እናቱ ማሻ ሌላ ዓለም ናቸው። በ1927 ከካውናስ፣ ከሊቱዌኒያ የመጡ፣ ስቀው የማይጠግቡ፣ አልቅሰውም የማይጠግቡ፣ በሩሲያኛና በዪዲሽ እያንጎራጎሩ ቤቱን የሚሞሉ ሴት። የአባት ወገን ተቋም የሚገነባ ነው፤ የእናት ወገን ይዘፍናል፣ መጽሐፍ ይመረምራል። ልጁ ከሁለቱም ወሰደ።

በጃንዋሪ 1944 ናታን አረፉ። ሊዮናርድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከቀብር በኋላ የአባቱን የአንገት ክራቫት ከቁም ሳጥን አወጣ፤ በምላጭ ተረተረው፤ ውስጡ አንዲት ወረቀት ጽፎ ከተተና ከቤቱ ጓሮ ቀበረው። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር ብሏል ኋላ። ምን ብሎ እንደጻፈ ግን አላስታወሰም፤ አፈሩን ቆፍሮ ሊያገኘው እንደሞከረም ተናግሯል።

በ1950 በጋ በአንድ የአይሁድ ማኅበረሰብ የልጆች ካምፕ ሲሠራ ጊታርና የሠራተኛ መደብ ዘፈኖች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ እጁ ገቡ። በዚያው ሰሞን የእናቱ አባት ረቢ ሰሎሞን ክሊኒትስኪ ክላይን ከእነሱ ጋር ለመኖር መጡ። ረቢው በካውናስ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ በዕብራይስጥ ሰዋስው ሊቅነታቸው የታወቁ፣ የታልሙድ ትርጓሜ መዝገብ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ትንቢተ ኢሳይያስን ይከፍታሉ። አንድ ቁጥር ያነባሉ፣ ያብራራሉ፣ ጣታቸው ገጹ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሲነቁ ያንኑ ቁጥር እንደ አዲስ አንብበው እንደ አዲስ ያብራራሉ። ምሽቱ በአንድ ቁጥር ላይ ያልቃል። የኔታ ፊት ተቀምጦ ትርጓሜ የተማረ ሰው ይህን ትዕይንት ለማየት ሞንትሪያል መሄድ አያስፈልገውም። ሊዮናርድ ዘፈን ለመጻፍ ዓመታት የሚፈጅ ሰው ሆኖ ሲወጣ፣ አንዷን መስመር ደጋግሞ እየገለበጠ ሲውል ሲያድር፣ እኔ የማስበው እኚህን ሽማግሌ ነው።

በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በ1956 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን አወጣ። በ1961 የወጣው ሁለተኛው ርዕሱን የወሰደው ሰንበት ሲሸኝ ከሚሸተተው የቅመም ሣጥን ነው። በነዚህ ዓመታት ሌላም ነገር ከኋላው ነበረ። እናቱ የወጡበት ካውናስ አልነበረም። ከተማው አለ፤ አይሁዱ ግን አልቋል። በናዚ ወረራ ዘመን ከሊቱዌኒያ አይሁድ ከመቶው ከዘጠና በላይ ተገድለዋል። ማሻ በ1927 ባይሳፈሩ ኖሮ ሊዮናርድ የሚባል ሰው አይኖርም ነበር። በ1964 ያሳተመው የግጥም መጽሐፍ የሂትለርን ስም ርዕሱ ላይ ያስቀመጠው ሰው ለማስደንገጥ ብቻ አይመስለኝም።

ገና ሠላሳ ሳይሞላው በሞንትሪያል የአይሁድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ንግግር አደረገ፤ ማኅበረሰቡን አስቆጣ። የተነሳበት ጉዳይ የኤ. ኤም. ክላይን ነበር። ክላይን የከተማው ታላቅ አይሁዳዊ ገጣሚ ነው፤ የውስኪ ከበርቴው ሳሙኤል ብሮንፍማን ንግግር ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ጽሕፈቱንም ሰውንም ተወ፣ ዝም አለ። ኮኸን ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ማኅበረሰባችን ነጋዴውን ሾሞ ነቢዩን አባሯል፤ ክላይን ነቢይ ሆኖ ሊያገለግለን ሲገባው ካህን መሆንን መረጠ፤ ካህን ተቋም ይጠብቃል፣ ነቢይ ግን ብቻውን ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሊዮን ኮኸን የገነቡት ማኅበረሰብ ናቸው። የተናጋሪው አያትና ቅድመ አያት ሁለቱም የምኩራብ ሹማምንት ናቸው። ካህን ሆኖ የተወለደ ልጅ ክህነትን ሲያወግዝ መስማት ለሽማግሌዎቹ ቀላል አልነበረም። እኔ ግን ጥፋቱን አላይበትም፤ ቤቱን የማይወድ ሰው ቤቱን እንዲህ አይወቅስም።

የራሱን ምክር ተከትሎ ወጣ። በ1960 ከአያቱ በወረሰው ገንዘብ በግሪኳ ሃይድራ ደሴት በ1,500 ዶላር ቤት ገዝቶ ነበር፤ እዚያ ጻፈ። ግጥምና ልቦለድ እንጀራ እንደማይሆኑ ሲገባው ጊታሩን አንስቶ ወደ ኒውዮርክ ወረደ፤ በ1967 መጨረሻ የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። በ1969 በወጣው ሁለተኛ አልበም ላይ የይስሐቅ ታሪክ አለ። ታሪኩን የሚናገረው አብርሃም አይደለም፤ ልጁ ነው። አባቱ በር ከፍቶ ሲገባ ያየው፣ ተራራውን አብሮ የወጣው ልጅ። ኦሪት ለይስሐቅ ዕድሜ አትሰጥም፤ ኮኸን ሰጠው። ዘጠኝ ዓመት።

በአፕሪል 1972 ኢየሩሳሌም ላይ ሊዘፍን ተነሳ። የአዳራሹ ሰው ገና ሙዚቃው ሲጀመር ያጨበጭባል፤ እሱ ግን አልሆነለትም። ዘፈኑን አቋርጦ ስለ ካባላ ያወራ ጀመር፤ አዳምና ሔዋን ፊት ለፊት እስኪተያዩ ድረስ እግዚአብሔር በዙፋኑ አይቀመጥም ይላል ትምህርቱ፣ ዛሬ ማታም የኔ ወንድና ሴት አልተገናኙም አለና ከመድረክ ወረደ። ገንዘባችሁ ይመለስላችኋል ሁሉ ብሏል። ከመጋረጃ ጀርባ የእናቱ ምክር ትዝ አለው፦ ነገር ሲከፋብህ ሥራህን አቁምና ጢምህን ተላጭ። ተላጨ። ከውጭ ሕዝቡ የሰላምታ መዝሙር በዕብራይስጥ እየዘመረ ይጠብቀዋል። ተመልሶ ዘፈነ፤ አለቀሰም። ትዕይንቱ በቶኒ ፓልመር ፊልም ተቀርጾ ይገኛል።

በዓመቱ ጦርነት ተነሳ። ኦክቶበር 6 ቀን 1973፣ ቤተ እስራኤላውያን አስተሥርዮ በሚሉት የዮም ኪፑር ጾም ቀን፣ ግብፅና ሶርያ እስራኤልን ገጠሙ። ኮኸን ሃይድራ ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድ ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ አባት፣ ሙዚቃ በቃኝ ማለት የጀመረ ሰው። ጊታሩን እንኳ ሳይዝ ቴል አቪቭ ገባ። አንድ ካፌ ተቀምጦ ሳለ ኦሺክ ሌዊ የተባለ ዘፋኝ አየው፤ ከእነ ማቲ ካስፒና ኢላና ሮቪና ጋር ወታደሮችን ለማጫወት ልንሄድ ነው፣ ና አለው። የኔ ዘፈን ሐዘን ነው፣ ለጦር ሜዳ አይሆንም አለ። አልሰሙትም። ጊታር ፈልገው ሰጡት።

መድረክ አልነበረም። ሐዞር የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ ዘፈነ፤ በሁለት ዝግጅት መካከል ባለች ጊዜም «ላቨር ላቨር ላቨር»ን ጻፈ። ዘፈኑ ስሜን ለውጥልኝ ብሎ አባትን በመለመን ይጀምራል። ከዚያ ወደ ሲና ወረዱ፤ በጭነት መኪና መብራት፣ በጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ለሃያና ለሠላሳ ወታደር፣ በቀን ደጋግሞ። ከዘፈኑ በኋላ ልጆቹ ተነስተው ወደ ውጊያ ይሄዳሉ። በበረሃ የሚዋጉትን ወንድሞቼ ብሎ የጠቀሰበት የ«ላቨር ላቨር ላቨር» ስንኝ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ቀርቷል፤ ሸክላው ላይ አላስገባውም። ከዓመታት በኋላ ፓሪስ ላይ ይህን ዘፈን ለግብፃውያንና ለእስራኤላውያን ጻፍኩት አለ። ቁስለኛ የጫነ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ አይቶ፣ ቁስለኞቹ ግብፃውያን ናቸው ሲባል እፎይ ማለቱንና በዚያ እፎይታ ራሱን መጸየፉንም ጽፏል። የጦር ሜዳ ዘፋኝ የሆነ ሰው ይህን መጻፉ እንግዳ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ነው እኔ ካህኑን የማየው።

ጥቅምት 13 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከእስራኤል ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጠ። ኮኸን ብዙም ሳይቆይ አስመራ ገባ። ከሁለት ዓመት በፊት ማያሚ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት የጀመረው፣ በ1970 ስለሞተችው አሜሪካዊት ዘፋኝ ስለ ጃኒስ ጆፕሊን የሆነ ዘፈን ነበረው፤ አልጨረስ ብሎት ቆይቷል። አስመራ ላይ ጨረሰው። በ1975 በወጣው የምርጥ ዘፈኖቹ አልበም ልባስ ላይ ይህንኑ ሲመሰክር፣ ቦታውን አስመራ፣ ኢትዮጵያ ብሎ፣ ጊዜውን ደግሞ ዙፋኑ ሊገለበጥ ጥቂት ሲቀረው ብሎ ነው ያስቀመጠው። አላጋነነም። የካቲት 1966 ዓ.ም. አስመራ የሰፈረው የሁለተኛው ክፍለ ጦር ወታደር አመፀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። የኒውዮርክ ሆቴል ትዝታ የሆነው «ቼልሲ ሆቴል» የመጨረሻ መስመሩን ያገኘው በእኛው ደጋ መሆኑን ስንቱ አድማጭ ያውቃል?

በ1974 የወጣው አልበም እነዚያን ወራት ይዟል። «ላቨር ላቨር ላቨር» አለ፣ የአስመራው አለ፤ «ሁ ባይ ፋየር»ም አለ። ይህኛው ከልጅነቱ ከሻዓር ሃሾማዪም የመጣ ነው። በአዲስ ዓመትና በዮም ኪፑር የሚደርስ ኡንታኔ ቶኬፍ የሚባል ጸሎት አለ፤ በሚመጣው ዓመት ማን እንደሚኖር፣ ማን እንደሚሞት፣ ማን በውኃ፣ ማን በእሳት፣ ማን በረሃብ እንደሚሄድ ይዘረዝራል። ኮኸን ዝርዝሩን ወሰደ፤ የዘመኑንም ሞት፣ ብቸኝነትንና የእንቅልፍ ክኒንን ጨመረበት። ጸሎቱ ሲያበቃ መድኃኒቱን ይናገራል፦ ንስሐ፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ፍርዱን ያቀላሉ። ኮኸን ያንን ቆረጠው። በምትኩ፣ ይህን ሁሉ የሚጠራው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከሲና የተመለሰ ሰው መልሱን ባይደፍረው አይፈረድበትም።

እናቱ በ1978 አረፉ።  በ1984፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ ሃምሳ ጸሎቶች ያሉበት መጽሐፍ አሳተመ፤ ዳዊት እንደሚደገም ሊደገም የሚችል ነው። የዚያን ዓመት አልበሙ ደግሞ «ሃሌሉያ»ን ይዟል። ዳዊት በገናውን ይዞ፣ ቤርሳቤህ በሰገነት ስትታጠብ፣ የሶምሶን ጠጉር ሲሸለት በአንድ ዘፈን ውስጥ ተቀላቅለዋል። ግጥሙን ዓመታት ፈጅቶ፣ ደብተር ሞልቶ ነው የጻፈው። በዚያው አልበም ላይ ያለው «ዳንስ ሚ» የፍቅር ዘፈን ይመስላል፤ መነሻው ግን በናዚ የሞት ካምፖች ሰው ሲቃጠል ቫዮሊን እንዲጫወቱ የተገደዱ እስረኞች መሆናቸውን እሱ ራሱ ተናግሯል። የአሜሪካ አሳታሚው አልበሙን አላወጣም አለ። «ሃሌሉያ» የዓለም ዘፈን የሆነው ጆን ኬል በ1991፣ ጄፍ በክሊ በ1994 ከዘፈኑት በኋላ ነው።

ከ1994 ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል ከሎስ አንጀለስ በላይ ባልዲ ተራራ ላይ ባለ የዜን ገዳም ከመምህሩ ከሳሳኪ ሮሺ ጋር ኖረ፤ በ1996 መነኮሰ። ብዙዎች ሃይማኖቱን ለወጠ አሉ። አንድ የሆሊውድ ጋዜጣ ቡዲስት ብሎ ሲጽፈው መልስ ላከ፦ አባትና እናቴ ይህን ቢሰሙ ባዘኑ ነበር፣ እኔ አይሁዳዊ ነኝ። እዚያው ገዳም ውስጥ ዓርብ ማታ የሰንበት ሻማ ያበራ ነበር። አዲስ ሃይማኖት አልፈለግኩም፣ በነበረኝ ረክቻለሁ ይል ነበር፤ የሚያምንበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከገዳም ከወረደ ከዓመታት በኋላ ገንዘቡ እንደሌለ አወቀ። ለዓመታት ያመናት ሥራ አስኪያጁ የጡረታ ሀብቱን አሟጣ እንደወሰደችው ተገለጠ፤ በ2006 ፍርድ ቤት 9 ሚሊዮን ዶላር ቢፈርድለትም ገንዘቡ በእጁ አልገባም። ስለዚህ በሰባ ሦስት ዓመቱ እንደገና መንገድ ወጣ። ዕድሜውን ሁሉ ያላገኘውን አድማጭ ያገኘው ያኔ ነው።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2009፣ በአይሁድ አዲስ ዓመትና በዮም ኪፑር መካከል ባሉት የንስሐ ቀናት፣ ራማት ጋን ስታዲየም ውስጥ ወደ 50,000 ለሚጠጋ ሰው ዘፈነ። ሰባ አምስት ዓመት ከሞላው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አትሂድ ያሉት ብዙ ነበሩ፤ ራማላ ላይ ታስቦ የነበረው ሌላ ኮንሰርት በፍልስጤም በኩል በተነሳ ተቃውሞ ተሰርዟል። የራማት ጋኑ ገቢ ልጆቻቸውን በግጭቱ ያጡ የእስራኤልና የፍልስጤም ወላጆችን ጨምሮ ለዕርቅ ለሚሠሩ ተሰጠ። ዘፈኑ ሲያልቅ ባርኔጣውን እንደደፋ ሁለት እጁን አነሳ፤ ጣቶቹን ከፈለ፤ የዘኁልቁን ቡራኬ በዕብራይስጥ አደረሰ። በወጣትነቱ ክላይንን ካህን ሆንክ ብሎ የከሰሰው ሰው ነው ይሄ። ከሲና ልጆች ከሞት የተረፉት፣ አሁን ሽበት የወጣባቸው፣ ከሕዝቡ መካከል ነበሩ።

በ2015 መጨረሻ ወደ ሞንትሪያል፣ ለሻዓር ሃሾማዪም መሪ ዘማሪ ለጊዲዮን ዘለርማየር መልእክት ላከ፦ በልጅነቴ የሰማሁትን የመዘምራን ድምፅ እፈልጋለሁ። ሰውነቱ በሕመም ደክሞ ስለነበር ሎስ አንጀለስ ቤቱ ውስጥ ልዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የቀረጸው፤ አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ልጁ አዳም ነው፣ በሲና ጦርነት ጊዜ ሃይድራ የቀረው ሕፃን። የአልበሙ መክፈቻ «ዩ ዋንት ኢት ዳርከር» የሙታን ጸሎት የሆነውን የካዲሽን ቃል ያስተጋባል፤ አብርሃም ሲጠራ የመለሰውን ሂኔኒ፣ እነሆኝ፣ ደጋግሞ ያሰማል፤ ከኋላው የምኩራቡ ወንዶች ያዜማሉ። ሸክላው የወጣው ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ነው። ኖቬምበር 7 ኮኸን አረፈ። ወሬው ሳይሰማ ሬሳው ሞንትሪያል ደርሶ፣ በተራ የጥድ ሣጥን፣ በሻዓር ሃሾማዪም መቃብር ከእናትና ከአባቱ አጠገብ አፈር ለበሰ፤ ዓለም የሰማው ከቀብሩ በኋላ ነው።

በጃንዋሪ 2018 ዘፈኑ የግራሚ ሽልማት አገኘ። የዌስትማውንት ምኩራብ መዘምራን ያዜሙበት፣ የካዲሽ ቃል ያለበት፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ የተናገረው ነገር የተመደበው በምርጥ የሮክ ዘፈን አቀራረብ ዘርፍ ነበር።